በቤት ተጠብቆ የኖረ ቋንቋ፦ ማዕሉላና ሁለቱ ጎረቤቶቿ

ቅዱሳን ወንጌላውያን የጌታችንን ሥራና ትምህርት በግሪክኛ ቢጽፉም፣ ጥቂት ቃላቱን ከአንደበቱ እንደወጡ ሳይተረጉሙ አቆይተውልናል። የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ባስነሣት ጊዜ «ጣሊታ ቁሚ» እንዳላት ቅዱስ ማርቆስ ይመሰክራል (ማር. 5፥41)። ወንጌላዊው ለግሪክ አንባቢዎቹ ትርጓሜውን መጨመር ግድ ሆኖበታል፤ ለእኛ ግን ሁለተኛው ቃል አስተርጓሚ አያሻውም፤ ዛሬም በሀገራችን እናት ልጇን የምታስቆመው በዚሁ ቃል ነውና። ለደንቆሮው ሰው የተነገረው «ኤፍታህ» (ማር. 7፥34) ከግእዙ «ፈትሐ» ጋር የአንድ ሥር ቃል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በመልእክታቱ የጠቀሰው «አባ» (ሮሜ 8፥15፤ ገላ. 4፥6) ደግሞ ከእኛው «አብ» ጋር ይዛመዳል። እነዚህ ቃላት የተነገሩበት ቋንቋ አራማይክ ይባላል።

በዚህ ዕትም የምናጠናው፣ ይህ ቋንቋ በምዕራባዊው ቅርንጫፉ ከእናት ወደ ልጅ በአፍ ሲተላለፍ እስከ ዘመናችን ስለደረሰባቸው ሦስት የሶርያ የገጠር መንደሮች ነው። ስማቸው ማዕሉላ፣ ጁብዐዲንና ባኽዓ ይባላል፤ ሦስተኛይቱን ዐረቦች አስ-ሰርኻ ይሏታል። ጥናታችን በተለይ የሚያተኩረው በማዕሉላ ላይ ሲሆን፣ አንዲት ትንሽ የገጠር ማኅበር የተቀበለችውን በምን እንደምትጠብቅና በምን እንደምታጣ ለማየት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

ማዕሉላ ከደማስቆ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቀለሙን ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስሟ በአራማይክ «መግቢያ» ማለት እንደሆነ ይነገራል፤ ከመንደሪቱ በስተ ኋላ ያለውን ቋጥኝ ሰንጥቆ ወደ ተራራው የሚያወጣ ጠባብ መተላለፊያ አለና። ቤቶቿ በገደሉ ፊት ላይ አንዱ በሌላው ትከሻ እንደተቀመጠ ሆነው ተደርድረዋል፤ የታችኛው ቤት ጣራ ለላይኛው ቤት ደጅ ይሆናል። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ወይንና በለስ ያለማል፣ ፍየል ያረባል። በ2004 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በማዕሉላ የተቈጠሩት ነዋሪዎች 2,762 ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱ መንደሮች ቢደመሩም 10 ሺህ አይሞሉም ነበር። ይሁን እንጂ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ጊዜ፣ በዐውደ ዓመትም ቀን፣ ለሥራና ለትምህርት ወደ ደማስቆ የወረዱት ልጆቿ ስለሚመለሱ ቍጥሩ ከፍ ይል ነበር። ይህ ወደ ከተማ መውረድና ለበዓል መመለስ ለእኛም አገር የገጠር ቁምስናዎች እንግዳ ነገር አይደለም።

ክርስቲያኖቿ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን የግሪክ ኦርቶዶክስ ነው። ሌላው መልካውያን የሚባሉት በ1724 ከሮም መንበር ጋር የተባበሩት የግሪክ ሥርዓት ካቶሊካውያን ናቸው። «መልካውያን» የሚለው ስም ራሱ «ንጉሥ» ከሚለው የአራማይክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ በእኛ «አምላክ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «መለከ» ነው። ሁለቱም ወገኖች በመንደሪቱ ገዳም አላቸው። በገደሉ አናት የሚገኘው የቅዱሳን ሰርጊስና ባኩስ ገዳም የካቶሊካውያን ነው፤ ሁለቱ የሮም ወታደሮች የነበሩ ሰማዕታት በእኛም ስንክሳር ይታሰባሉ። በስንጥቁ አጠገብ የሚገኘው የቅድስት ቴክላ ገዳም ደግሞ የኦርቶዶክስ መነኮሳይያት ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙር የነበረችው ቴክላ ከአሳዳጆቿ ስትሸሽ ዐለቱ ተከፍቶ እንዳሳለፋት የአገሩ ሰው ይተርካል፤ ከዋሻው የሚንጠባጠበውንም ውኃ ለበረከት ይወስዳል።

ስለ ቅዱስ ሰርጊስ ገዳም አንድ ነገር እንጨምር። በገዳሙ የነበረው ጥንታዊ መንበር ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ ያለው በመሆኑ፣ ከ325ቱ የኒቅያ ጉባኤ በፊት የተሠራ ነው፣ ጉባኤው እንዲህ ያለውን መንበር ከልክሏልና እየተባለ ለጎብኚዎች ይነገራል። የጉባኤው ሃያ ቀኖናዎች ግን ስለ መንበር ቅርጽ አንዳች አይናገሩም። ስፍራው እጅግ ጥንታዊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ሃይማኖታችን ባልተረጋገጠ ማስረጃ መደገፍ አያስፈልገውም ብለን እናምናለን።

ስለ ቋንቋውም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጉብኝት መጻሕፍት «ኢየሱስ የተናገረው ቋንቋ ሳይለወጥ የቀረበት ስፍራ» ሲሉ እናነባለን። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ሳይለወጥ የሚኖር የአፍ ቋንቋ የለም። ጌታችን የገሊላን አነጋገር ተናገረ፤ የማዕሉላ አነጋገር ደግሞ የዚያ እኅት ቅርንጫፍ ሆኖ ከዘመናት ዐረብኛ ጋር ተዋርሶ የኖረ ነው። ምዕራባዊ አራማይክ ከሚባለው ወገን በሕይወት የቀረው ግን ይኸው ብቻ ነው። በኢራቅ፣ በቱርክና በሰሜን ምሥራቅ ሶርያ ክርስቲያኖች የሚነገረው ከሌላው ቅርንጫፍ የሚመደብ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ቨርነር አርኖልድ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሦስቱን መንደሮች አነጋገር በብዙ ቅጽ ሰብስቦ አሳትሞታል።

ግእዝ ለሚያውቅ አንባቢ የዘመድነቱ ምልክት ከቃላቱ ይታየዋል። እኛ «ቤት» የምንለውን እነርሱ «ፓይታ» ይላሉ፤ ግእዙ «ማይ» የሚለውን ውኃ «ሞያ» ይሉታል፤ «ዐይን» «ዐይና» ነው፤ «ሰላም» «ሽሎማ» ነው። ይህ ከአንድ የሴም ቋንቋዎች ግንድ የመጣ መመሳሰል ነው። ከዚህም ሌላ በቀጥታ ከአራማይክ ተውሰን የያዝናቸው ቃላት አሉን፤ ሊቃውንት ከሚጠቅሷቸው መካከል «ሃይማኖት»፣ «ኦሪት»፣ «ታቦት»፣ «ምጽዋት» ይገኙባቸዋል። እምነታችንን የምንጠራበት ቃል ራሱ ከዚያ አካባቢ የመጣ እንግዳ ነው ማለት ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይሆንም። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ቅዱስ ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበር። ከተስዓቱ ቅዱሳን መካከል ብዙዎቹ ከሶርያ ምድር እንደመጡ በትውፊት እንማራለን። በየቀኑ የምንደግመውም ውዳሴ ማርያም በትውፊታችን የሚሰጠው ለቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ነው።

አሁን ወደ ጥናታችን ዋና ነገር እንምጣ። የማዕሉላ ሰዎች በቤት አራማይክ ቢናገሩ በቤተ ክርስቲያንም በዚያው ቋንቋ የሚቀድሱ ይመስለን ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የቀለሙን ክርስቲያኖች እስከ 17ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ የአምልኮ መጻሕፍታቸው በሱርስት ተጽፈው ይገለገሉባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዐረብኛና ግሪክኛ ተተክተዋል። በመሆኑም ማዕሉላዊት እናት ልጇን በአራማይክ ታስተኛለች፣ በአራማይክ ትገሥጻለች፣ ዳቦ ሲርባትም በአራማይክ ትሰማታለች፤ እሑድ ጠዋት እጇን ይዛ ወደ ቅዳሴ ስትወስዳት ግን የምትሰማው ዐረብኛ ነው። ለእንግዶች በአራማይክ የሚደገመው «አባታችን ሆይ» ብዙውን መንገደኛ ያስለቅሳል፤ የመንደሩ ሰው ግን አብዛኛውን ጸሎቱን የተማረው በዐረብኛ ነው።

በእኛ ዘንድ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ግእዝ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ሕፃን አፉን የሚፈታበት ቋንቋ መሆኑ ቀርቷል፤ ነገር ግን በቅዳሴው፣ በዜማው፣ በቅኔውና በብራናው ስለተያዘ እስከ ዛሬ አለ። ግእዝ መጽሐፍ እንጂ እናት የለውም፤ የማዕሉላ አራማይክ ደግሞ እናት እንጂ መጽሐፍ የለውም። የትኛው ይበልጥ ዋስትና እንዳለው በቀላሉ ለመወሰን ያዳግታል። መጽሐፍ ያለው ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ቢበተኑም ይኖራል፤ ግን ከሕዝቡ ልብ ሊርቅ ይችላል። እናት ያለው ቋንቋ ከልብ አይርቅም፤ ግን አንድ ትውልድ ብቻ ለልጁ ሳይናገረው ቢቀር ያበቃለታል።

የመጽሐፉን ጉድለት ለመሙላት የተደረገ ጥረት አለ። በ2006 የደማስቆ ዩኒቨርሲቲ በማዕሉላ የአራማይክ ትምህርት ተቋም ከፍቶ፣ ልጆችና ወጣቶች የአያቶቻቸውን ቋንቋ በፊደል መማር ጀምረው ነበር። ለማስተማሪያ የተመረጠው ባለ አራት ማዕዘን ፊደል ግን የዕብራይስጥን ፊደል ይመስላል ተብሎ ቅሬታ በመነሣቱ ሥራው በ2010 ታገደ። ያ ፊደል በመጀመሪያ የአራማውያን የነበረና አይሁድ ከባቢሎን ምርኮ ወዲህ ከእነርሱ የወሰዱት መሆኑን ስናስብ ያሳዝናል። በዘመናችን ፖለቲካ ምክንያት አንድ ሕዝብ የራሱን ፊደል የባዕድ ነው ተብሎ ሊጠየቅበት በቃ።

ቋንቋውን እስከ ዘመናችን ያደረሰው እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም የትምህርት ቤት መጽሐፍም አይደለም። ተራራው፣ እርስ በርስ መጋባቱ፣ ቤት ውስጥ የዋሉት አያቶች፣ ጎረቤትም ያው ቋንቋ ተናጋሪ መሆኑ ናቸው። ስለ ጎረቤት ስንናገር ብዙዎች የማያስተውሉትን ነገር እናገኛለን፤ የጁብዐዲንና የባኽዓ ነዋሪዎች ሙስሊሞች ናቸው። ከጥቂት ምዕተ ዓመታት በፊት አባቶቻቸው እስልምናን ሲቀበሉ ሃይማኖታቸውን እንጂ የቤት ቋንቋቸውን አልለወጡም። በማዕሉላም ውስጥ ከክርስቲያኖቹ ጋር የሚኖሩ ሙስሊሞች ቋንቋውን ይናገራሉ። ስለዚህ «ጌታችን የተናገረው ቋንቋ» እየተባለ በክርስቲያኖች ዘንድ የሚወደሰው አነጋገር እስከ ዛሬ ሊደርስ የቻለው፣ ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ መስጊድ የሚሄዱ ሆነው ሳለ ነው። የማዕሉላ ክርስቲያኖች ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ዘመን በያዙት ነበር ለማለት አንደፍርም።

ከመንደሪቱ በዓላት ሁሉ የሚበልጠው መስከረም 14 ቀን የሚውለው የመስቀል በዓል ነው፤ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 4 መሆኑ ነው። በዋዜማው ምሽት ወጣቶች በመንደሪቱ ላይ ወዳሉት ተራሮች ወጥተው ታላላቅ እሳት ያነዳሉ፤ ካቶሊካውያን በአንዱ ተራራ፣ ኦርቶዶክሳውያን በሌላው። የማንኛው ወገን ነበልባል ከፍ እንዳለ በፉክክር ይከራከራሉ፤ የጋመውንም ግንድ በገደሉ ላይ ወደ ታች ይለቁታል። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ንግሥት እሌኒ ቅዱስ መስቀሉን በኢየሩሳሌም ባገኘች ጊዜ ምሥራቹ ከተራራ ወደ ተራራ በእሳት ምልክት እስከ ቍስጥንጥንያ ተላለፈ ይላሉ። ደመራ ለሚያበራ ሕዝብ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። በእኛ ዘንድ የእሌኒ እሳት መስቀሉ ያለበትን በጢሱ ያመለከተ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ መገኘቱን ያወጀ ነው።

የ2012 የመስቀል በዓል ለመካከለኛው ምሥራቅ ክርስቲያኖች ሁሉ የተለየ ትርጕም ነበረው። በዚያ ቀን ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ በሊባኖስ ሐሪሳ ተገኝተው «ኤክሌሲያ ኢን ሜዲዮ ኦሪየንቴ» የተሰኘውን ሐዋርያዊ ምክር ፈረሙ። ሰነዱ የአካባቢውን ምእመናን ስደት በኀዘን ያስባል፤ ከሙስሊሞችና ከአይሁድ ጋር አብሮ የመኖርን ጥሪም ያጸናል። ዓመት ሳይሞላ ግን ጦርነቱ ማዕሉላ ደረሰ። መስከረም 4 ቀን 2013 የኑስራ ግንባር የተባሉት ታጣቂዎች በመንደሪቱ መግቢያ በነበረው የፍተሻ ኬላ ላይ በአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት ጀመሩ። መስከረም 7 ቀን ሦስት የግሪክ ሥርዓት ካቶሊካውያን ወንዶች በቤት ውስጥ ተገደሉ፤ እምነታቸውን እንዲለውጡ ተጠይቀው እምቢ እንዳሉ የዐይን ምስክር ተናግራለች። ያ ቀን ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ለሶርያ ሰላም ዓለም ሁሉ እንዲጾምና እንዲጸልይ የጠሩበት ዕለት ነበር። ፓትርያርክ ጎርጎርዮስ 3ኛ ላሃም ከሦስት ቀን በኋላ በደማስቆ ካቴድራል የቀብር ጸሎታቸውን መሩ።

ሌሎች ከመንደሪቱ ታፍነው ተወሰዱ፤ የቀሩት ሸሹ። በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ከቅድስት ቴክላ ገዳም 13 መነኮሳይያትና 3 ረዳቶቻቸው ታግተው ወደ ያብሩድ ተወሰዱ፤ የተፈቱት በመጋቢት 2014 ከእስረኞች ጋር በተደረገ ልውውጥ ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 2014 የመንግሥት ጦር መንደሪቱን ሲይዝ ገዳማቱ ተጎድተው፣ ጥንታውያን ሥዕሎች ተዘርፈው ተገኙ። ባኽዓ ክፉኛ ፈራረሰች፤ ነዋሪዎቿም ተበተኑ። በዚህ ጊዜ እናት ብቻ ያለው ቋንቋ ምን ያህል ለጉዳት የተጋለጠ እንደሆነ ግልጥ ሆነ። በደማስቆ ሰፈር ወይም በሊባኖስ ኪራይ ቤት የሚያድግ ሕፃን በደጅ የሚሰማው ዐረብኛ ብቻ ነው፤ በአራማይክ የሚጠራው ጎረቤት የለውም።

የከበደው ግን የፍቅር ጉዳት ነው። የማዕሉላ ክርስቲያኖች ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው አንዳንዶቹ ከታጣቂዎቹ ጋር ወግነው ነበር ሲሉ ከስሰዋል። ከዚያ በኋላ በርካታ ሙስሊም ቤተሰቦች ለዓመታት ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ቈይተዋል። የአሳድ መንግሥት ታኅሣሥ 8 ቀን 2024 ከወደቀ በኋላ አንዳንዶቹ ተመልሰዋል፤ ይህም በአንዱ ወገን ደስታን፣ በሌላው ወገን ሥጋትን አስከትሏል። ሰኔ 22 ቀን 2025 በደማስቆ በቅዱስ ኤልያስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ላይ በነበሩ ምእመናን ላይ የደረሰው የሽብር ጥቃት ሥጋቱ ባዶ እንዳልሆነ አሳይቷል። ከሩቅ ሆነን «ይቅር ተባባሉ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ የወንድሙን ሬሳ ያነሣ ሰው ግን ቃሉን የሚመዝነው በሌላ ሚዛን ነው። እኛ ማለት የምንችለው ይህን ብቻ ነው፦ ሁለቱ ወገኖች ካልተነጋገሩ የሚጠፋው ሰላም ብቻ አይሆንም፤ የሚነጋገሩበት ቋንቋም አብሮ ይጠፋል። ዩኔስኮ ምዕራባዊ አራማይክን ለመጥፋት ከተጋለጡ ቋንቋዎች ዝርዝር አስገብቶታል።

ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ፣ እያንዳንዱ ሥርዓት የተቀበለውን ቅርስ እንዲጠብቅ አዝዟል፤ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1995 «ኦሪየንታሌ ሉመን» በተሰኘው መልእክታቸው ይህንኑ አስፍተው አስተምረዋል። የግእዝ ሥርዓት ተከታዮች የሆንን ይህን ትእዛዝ ስንሰማ ወዲያው የሚታሰበን ቅዳሴው፣ ልብሰ ተክህኖውና ከበሮው ነው። በደቡብ ያሉት ቁምስናዎቻችን ደግሞ በወላይትኛ፣ በከምባትኛና በሲዳምኛ ይጸልያሉ። ነገር ግን ማዕሉላ ሌላም ጥያቄ ታቀርብልናለች። ለበዓል ከከተማ የሚመጡት ልጆቻችን በአያቶቻቸው ቋንቋ የማታ ጸሎት ሊያደርሱ ይችላሉን? ወይስ ጸሎት የቤተ መቅደስ ሥራ ሆኖ፣ ቤቱ ጸሎት የማይሰማበት ሆኗል?

በቁምስና ለሚያጠኑ ቡድኖች በቅድሚያ ማር. 5፥35-43 እና ሐዋ. 2፥1-11 ይነበቡ ዘንድ እናሳስባለን። ከዚያም እያንዳንዱ ተሳታፊ የመጀመሪያ ጸሎቱን ከማን አፍ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተማረ ይናገር። በዕድሜ የገፉ እናቶች ከልጅነት የያዙት፣ በመጽሐፍ የማይገኝ ጸሎት ካለ ወጣቶች ቃል በቃል ጽፈው ለቁምስናው ጽሕፈት ቤት ያስረክቡ። ሙስሊም ወይም ኦርቶዶክስ ጎረቤት ባለበት መንደር ከሆነ ደግሞ፣ በጋራ የምንናገረው ምን አለ? በጋራ የምናከብረውስ? የሚለው ጥያቄ ሳይታለፍ ይመከርበት።